ፓርላማን የመዝጋት ሥልጣን በዳኞች ፊት፦ ስለ 2019ኙ የብሪታንያ ውሳኔ ጥያቄና መልስ

የዛሬው ጉዳያችን የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሴፕቴምበር 24 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. የሰጠው ውሳኔ ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ በጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ምክር ፓርላማውን ለአምስት ሳምንታት ያህል ዘግተው ነበር፤ አሥራ አንድ ዳኞች በሙሉ ድምፅ ድርጊቱ ሕገ ወጥ ነው አሉ። አደራ፣ ፓርላማን መዝጋትና መበተን አይምታታባችሁ። ሲዘጋ አባላቱ በወንበራቸው ይቆያሉ፣ ያላለቁ ረቂቅ ሕጎች ግን በአብዛኛው ይወድቃሉ፤ ሲበተን አባልነታቸው አብቅቶ ምርጫ ይጠራል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሥልጣኑ የዘውዱ ከሆነ ፍርድ ቤት እንዴት ጣልቃ ይገባል?

መልስ፦ የጉዳዩ እምብርት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ንጉሣዊ ልዩ ሥልጣን ፓርላማ በሕግ ሳይሰጠው ከጥንት ጀምሮ በዘውዱ እጅ የቀረ፣ ዛሬ በተግባር ሚኒስትሮች የሚሠሩበት ሥልጣን ነው። በ1610 ዳኛ ኤድዋርድ ኮክ ንጉሡ የአገሩ ሕግ ከሚፈቅድለት በቀር ልዩ ሥልጣን የለውም ብለዋል፤ ይህ የሥልጣኑን መኖርና ወሰን ይመለከታል። በወሰኑ ውስጥ ያለ ሥልጣን እንዴት ተሠራበት የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ በፍርድ ቤት ሊከለስ እንደሚችል የተረጋገጠው ግን በ1984 ነው። የማርጋሬት ታቸር መንግሥት የአንድ የስለላ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሠራተኛ ማኅበር እንዳይታቀፉ ከልክሎ ተከሰሰ፤ ከሳሾቹ በብሔራዊ ደኅንነት ምክንያት ቢሸነፉም መርሁ ጸንቶ ቀረ። የ2019ኙ ችሎት ጉዳዩን የፈታው ወደ መጀመሪያው ጥያቄ በመመለስ ነው፦ የፓርላማ የበላይነትና የመንግሥት ለፓርላማ ተጠሪ መሆን የሥልጣኑን ወሰን ስለሚያበጁ፣ ፓርላማ ሕግ እንዳያወጣና መንግሥትን እንዳይቆጣጠር ያለ በቂ ምክንያት የሚያግድ መዝጋት ከወሰኑ ውጭ ነው። እኔ ይህን መንገድ ትክክለኛ አድርጌ እወስደዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጆንሰን ንግሥቲቱን ዋሽተዋል ማለት ነው?

መልስ፦ ችሎቱ ይህን አልወሰነም። የመረመረው የድርጊቱን ውጤት ነው።

ጥያቄ፦ በቂ ምክንያት አለመኖሩ በምን ታወቀ?

መልስ፦ መንግሥት ለአዲሱ የንግሥቲቱ ንግግር፣ ማለትም የፓርላማ ዘመን ሲከፈት የመንግሥት ዕቅድ ለሚነበብበት ንግግር፣ መዘጋጃ ጊዜ ያስፈልጋል ብሎ ነበር። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀር ግን ለዚህ ዝግጅት ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ቀናት እንደሚበቃ በጽሑፍ መሰከሩ፤ ማንም አላስተባበለም። ከመንግሥት ወገን የቀረበው ዋና ሰነድ ጠቅላይ ሚኒስትሩ «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት ያደረጉበት የአማካሪያቸው ማስታወሻ ሲሆን፣ አምስት ሳምንት ለምን እንዳስፈለገ በቃለ መሐላ ያስረዳ አንድም ባለሥልጣን አልነበረም።

ተሳታፊ፦ ይህ ግን ዳኞች ፖለቲካ ውስጥ መግባታቸው ነው። የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩ በፍርድ ሊወሰን አይገባም ብሎ ነበር።

ሌላ ተሳታፊ፦ የስኮትላንዱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደግሞ ሕገ ወጥ ብሎታል። ፓርላማው ተዘግቶ ሳለ መንግሥትን በፓርላማ ማን ይጠይቀው ነበር?

የመጀመሪያው ተሳታፊ፦ መራጩ ሕዝብ ይጠይቀዋል።

መልስ፦ ምርጫ የሚጠራው ፓርላማ ሲበተን ነው፤ በመግቢያው የለየሁት ይህንኑ ነበር። ወደ ጉዳዩ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማውን ቢበትኑ ኖሮስ?

መልስ፦ ለሁለተኛ ጊዜ እላለሁ፣ መበተን ሌላ ጉዳይ ነው። በ2022 የወጣው ሕግ የመበተንን ሥልጣን ለዘውዱ መልሶ ፍርድ ቤቶች እንዳይመረምሩት ከልክሏል። ክልከላው መዝጋትን አይጠቅስም።

ጥያቄ፦ በአጠቃላይ ስለ ውሳኔው ምን ይላሉ?

መልስ፦ እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ የለኝም። ግልጽ ያልሆነልዎትን ነጥብ ይጥቀሱ።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያስ?

መልስ፦ የንጉሣዊ ልዩ ሥልጣን ጥያቄ የለም። የሕገ መንግሥት ክርክርን የሚወስነው በአንቀጽ 83 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ሰፊ ስለሆነ ለብቻው ይቅረብ።

ጥያቄ፦ የ1689ኙ የመብቶች ሕግ የፓርላማ ሥነ ሥርዓት በፍርድ ቤት እንዳይጠየቅ ይከለክላል፤ እንዴት ታለፈ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ችሎቱ መዝጋቱ ከውጭ በአባላቱ ላይ የተጫነ እንጂ እነርሱ ተወያይተው የወሰኑት ስላልሆነ ጥበቃው አይመለከተውም አለ። የንግሥቲቱ መልእክተኞች መዝጋቱን ሊያውጁ ወደ አዳራሹ የገቡት ባዶ ወረቀት ይዘው እንደሆነ ተቆጠረ፤ ስለዚህ ፓርላማው በሕግ ፊት ጨርሶ አልተዘጋም፣ በማግስቱም ተሰበሰበ። ኦክቶበር 8 ቀን እንደገና ሲዘጋ የቆየው እስከ 14 ድረስ ብቻ ነበር።