የ40,000 ኪሎ ሜትሩ ሰርቪስ፦ ሻጩ ድርጅት ዘንድ ወይስ አዳማ?

ጥያቄ፦ «ነዋሪነቴ አዳማ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ ሱዙኪ ዲዛየር ገዝቼ እስካሁን ሰርቪሱን በሙሉ አዲስ አበባ በሚገኘው ሻጭ ድርጅት አስደርጌያለሁ። አሁን 40,000 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ሲል የተሰጠኝ ፕሮፎርማ ካለፉት ሁሉ እጅግ የበለጠ ሆኖ አገኘሁት። እዚህ ያለ ጋራዥ ደግሞ ሥራውን በሲሶ ዋጋ እንደሚሠራልኝ ነግሮኛል። የሦስት ዓመቱ ዋስትና ሊያልቅ አንድ ዓመት ይቀረዋል። ድርጅቱ ዘንድ መሄዴ ከወጪው ጋር ይመጣጠናል?»

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ያነሡት ጉዳይ ሁለት ጥያቄዎችን የያዘ ስለሆነ ለየብቻ ብናያቸው ይሻላል። አንደኛው ሥራው ራሱ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ሲሆን ሁለተኛው ማን ይሥራው የሚለው ነው። ብዙ የመኪና ባለቤቶች በሁለተኛው ዋጋ ተናደው የመጀመሪያውን እርግፍ አድርገው ይተዋሉ፤ ዘይት ብቻ አስቀይረው «ሰርቪስ አድርጌያለሁ» የሚሉትም እነዚሁ ናቸው።

ሥራው ያስፈልጋል። የ40,000 ኪሎ ሜትሩ ሰርቪስ የሚወደደው ድርጅቱ ድንገት ስለጨመረብዎ ሳይሆን፣ በየ10,000ው ከሚሠራው በተጨማሪ በየ20,000ው እና በየ40,000ው የሚሠሩት ሥራዎች እዚህ ቁጥር ላይ ስለሚገናኙ ነው። የፍሬን ዘይት፣ የአየር ፊልትሮ፣ እንደ ዓይነቱም ካንዴላው (ነዳጁን የሚያቀጣጥለው) እና የራዲያተሩ ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) በአንድ ፕሮፎርማ ላይ ይሰፍራሉ። የሚቀጥለው ሰርቪስዎ ይህን ያህል አይሆንም፤ ስለዚህ ይህንን ዋጋ በየጊዜው እንደሚከፍሉት አድርገው አያስሉት።

ከእነዚህ ሁሉ ባለቤቶች አቅልለው የሚያዩት የፍሬን ዘይትን ነው፤ ቀለሙ ብዙ ካልተለወጠና ልኩ ካልቀነሰ ለምን ይቀየራል ይላሉ። የፍሬን ዘይት ግን በጎማ ቱቦዎቹና በማስቀመጫው ክዳን በኩል ከአየር ውስጥ እርጥበት እየሳበ ይቆያል። «ዶት 3» የሚባለው ደረጃ ያለው አዲስ የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ እንዲቆይ ሆኖ ሲሠራ፣ 3.7 ከመቶ ያህል ውሃ ሲቀላቀልበት ግን ደረጃው የሚጠብቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ከአሰላ ወደ አዳማ መኪናውን ጭነው፣ ማርሹን ሳይቀንሱ ፍሬን እየረገጡ ቢወርዱ የፊት ፍሬኖቹ የሚሰበስቡት ሙቀት ቀላል አይደለም። ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ሲፈጥር ደግሞ አረፋው ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ፍሬኑ በሚቀጥለው ቀን ቀዝቅዞ ሲሞከር ደህና ሆኖ ስለሚገኝም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀራል። በየሁለት ዓመቱ ወይም በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የፍሬኑ ሸራ አለማለቁ ለዚህ መልስ አይሆንም።

ኩላንቱን በተመለከተ የመኪናዎ ማኑዋል (የአጠቃቀም መመሪያ መጽሐፉ) የሚለውን ጊዜ ይከተሉ፤ በመሐል ቢጎድል ግን የቧንቧ ውሃ አይጨምሩበት፤ የውሃው ማዕድን ውስጡ ይጋገራል፣ የአሉሚኒየሙን ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ከዝገት የሚጠብቀውንም ቅመም ያሳሳዋል።

የአየር ፊልትሮ ግን በእኛ ከተማ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በበጋ ነፋሱ አቧራውን ሲያነሣ፣ በወንጂ በኩል ወይም አስፋልት ባልደረሰባቸው የአዳማ ሰፈሮች የሚመላለስ መኪና ፊልትሮው በማኑዋሉ ከተጻፈው መደበኛ ጊዜ እጅግ ቀድሞ ይሞላል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ወጥቶ መታየት አለበት። ላቫጆ ቤት በኮምፕረሰር በኃይለኛ ግፊት መንፋት ልማድ ቢሆንም እኔ አልመክረውም፤ ወረቀቱ ለዓይን በማይታይ ሁኔታ ይሳሳል ወይም ከጎማው ጠርዝ ይላቀቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚገባው ደቃቅ አሸዋ ሲሊንደሩንና ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበቶች) እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል። ሞተሩ ዘይት መብላት የሚጀምረው ከብዙ ወራት በኋላ ስለሆነ ጥፋቱን ከፊልትሮው ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው።

አሁን ፕሮፎርማውንና የመኪናዎን ማኑዋል ጎን ለጎን ዘርግተው በየመስመሩ ያነጻጽሯቸው። በማኑዋሉ የ40,000 ዓምድ ውስጥ የተጻፈው የአምራቹ ትእዛዝ ነው፤ እዚያ የሌለው ግን የሻጩ ሐሳብ ስለሆነ ምክንያቱን ይጠይቁ። የሞተር ውስጥ ማጠቢያ፣ የኢንጀክተር እጥበት፣ ከቤንዚን ጋር የሚጨመር ቅመምና «የኤሲ ጋዝ መሙላት» ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ የሚገቡ ናቸው። ዘይቱ በጊዜው ሲቀየር ለኖረ ሞተር የውስጥ ማጠቢያ አያስፈልገውም። የኤሲ ጋዝም እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው፣ ቀዳዳው ሳይፈለግ መሙላት ደግሞ ገንዘብ ማባከን ነው። ኤሲው በደንብ እያቀዘቀዘ ከሆነ መስመሩን ያሰርዙ። ድርጅቱ የሚያቀርበውን ጥቅል ሳይሆን ማኑዋሉ የሚያዘውን እንደሚፈልጉ በትሕትና ቢናገሩ የሚቀየምዎት የለም፤ ሒሳቡም አሁን ከሚያዩት ሊቀንስ ይችላል።

ወደ ዋስትናው ስንመጣ፣ በኢንተርኔት ቪዲዮዎች ላይ «የትም ጋራዥ ሰርቪስ ቢደረግ ዋስትናው አይቋረጥም» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ይህ የሚነገረው በአሜሪካ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዋስትና ሕግ መሠረት በማድረግ ነው፤ ያ ሕግ አምራቹ ሰርቪሱን በነጻ ካልሰጠ በቀር ዋስትናን በራሱ ጋራዥ ከሚሠራ ሰርቪስ ጋር ማሰር ይከለክላል። እርስዎን የሚገዛው ግን ሲገዙ የፈረሙት ውልና የዋስትናው ደብተር ስለሆነ እነሱን አውጥተው ያንብቡ። «ሰርቪሱ በድርጅቱ ወይም ድርጅቱ በፈቀደው ጋራዥ ካልተደረገ» የሚል ቃል ካለበት፣ በሲሶው ዋጋ ያተረፉት ገንዘብ አንድ የኤሌክትሮኒክ ክፍል ወይም የካምቢዮ ጉድለት በመጣ ቀን ብዙ እጥፍ ሆኖ ይወጣል።

በእኔ ፍርድ፣ ውልዎ ይህን የሚል ከሆነ ይህንንና እስከ ዋስትናው ማብቂያ ያለውን ሰርቪስ ድርጅቱ ዘንድ ያስደርጉ። የፍጥነት መንገዱን ክፍያና ቤንዚኑን ጨምረው፣ ቀንዎም ተቃጥሎ እንኳ ተገቢ ወጪ ነው። ዋስትናው ካለቀ በኋላ ግን ለተራ ሰርቪስ አዲስ አበባ የሚያስኬድዎ ምክንያት አይታየኝም። የዲዛየር ሞተር ያለው ካቴና (የብረት ሰንሰለት) እንጂ በየጊዜው የሚቀየር ታይሚንግ ቤልት አይደለም፤ የሚቀረው ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላና ፍሬን ማንኛውም ጠንቃቃ መካኒክ አዳማ ላይ የሚሠራው ነው። ድርጅቱ የሚበልጠው በኮምፒውተር ምርመራ፣ በሶፍትዌርና ፋብሪካው ጉድለት ላገኘባቸው መኪኖች በሚያወጣቸው የእርማት ጥሪዎች ነው፤ ጥሪ መኖሩን ግን የሻንሲ ቁጥርዎን ይዘው በስልክ መጠየቅ ይችላሉ።

እዚህ ሲያሠሩ ዋናው ጥንቃቄ ዘይቱ ላይ ነው። «አዳማ ሞቃት ስለሆነ ወፍራም ዘይት ይሻላል» ተብሎ 20ደብሊው-50 ሲሞላ አያለሁ። የእርስዎ ዓይነት ሞተር ግን ቀጭን ዘይት በጠባብ መንገዶች እንዲያልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የካቴናው መወጠሪያ የሚሠራው በዘይት ግፊት ሲሆን ጠዋት ሲነሣ ወፍራም ዘይት ዘግይቶ ይደርስለታል። ማኑዋሉ የሚፈቅደውን ውፍረትና የጥራት ደረጃ በወረቀት ጽፈው ይያዙ፣ ዘይቱንና ፊልትሮውን ከታመነ ቤት ራስዎ ይግዙ፣ ጣሳው እፊትዎ ይከፈት። የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ቡሎን ሲታሰርም ማሸጊያ ቀለበቱ ይቀየር፤ በረጅም ቁልፍ ያለ ልክ ሲጠበቅ ጥርሱ ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ኮፓ መቀየር ሊመጣ ነው። ደረሰኙን፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን መዝግበው ያስቀምጡ፤ ነገ መኪናውን ሲሸጡ ገዢው የሚጠይቅዎት ይህን ነው።

ከአንዱ ሰርቪስ እስከ ሌላው ስላለው ጊዜ አንድ ነገር ልጨምር። ማኑዋሉ 10,000 ሲል የሚያስበው መደበኛ አነዳድ ነው፤ አቧራ፣ ሙቀትና ሞተሩ ሳይሞቅ የሚያልቁ አጫጭር ጉዞዎች በ«ከባድ ሁኔታ» ዓምድ ውስጥ ይገባሉ፤ የአዳማ ከተማ ውስጥ አነዳድ ከነዚህ ቢያንስ ሁለቱ አይቀሩለትም። ስለዚህ ድርጅቱ በየ5,000ው ወይም በየስድስት ወሩ ዘይት ይቀየር ሲል ሊዘርፍዎ አይደለም። በአብዛኛው አዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ የሚመላለሱ ከሆነ ግን ለዘይቱ ያን ያህል ማጥበብ አያሻም።

ዋስትናው ከማለቁ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብለውም መኪናውን ለድርጅቱ ለአጠቃላይ ምርመራ ያቅርቡ። የሰሙትን ድምፅ፣ ያዩትን ፍሳሽ፣ የበራ የዳሽቦርድ መብራትም ካለ ሁሉንም በጽሑፍ እንዲመዘግቡልዎ ይጠይቁ፣ ማኅተም ያለበትን ቅጂም ይያዙ፤ ጉድለቱ ከዋስትናው ማብቂያ በኋላ ቢባባስ እንኳ ቀድሞ የተመዘገበ መሆኑን የሚያሳዩት በዚያ ወረቀት ነው።