የቆየ መኪናን ከሌባ መጠበቅ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። በእጄ የሚያልፉት አብዛኞቹ መኪኖች ቁልፋቸው ቺፕ የሌለው፣ ዕድሜ ጠገብ ናቸው። ስለ ስርቆት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል፤ መኪናዋን አንስቶ በሌላ መኪና ላይ ጭኖ የሚሄድ ሌባ ከመጣ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር አያስቆመውም። የምናወራው በሁለት በሦስት ደቂቃ አስነስቶ ሊሰወር ስለሚመጣው ነው፤ የአሮጌ መኪና ሌባ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ አዲስ ሞዴል እያለ የእኔን አሮጌ ማን ይሰርቃታል?

ይሰርቋታል እንጂ! አንደኛ፣ ተፈትታ ትሸጣለች። በብዛት የተሸጠ ሞዴል ከሆነች ደግሞ መለዋወጫዋ ፈላጊ አያጣም። ሁለተኛ፣ ትቀላለች። ኢሞቢላይዘር፣ ማለትም ቁልፉ ውስጥ ያለውን ቺፕ ካላነበበ ሞተር የማያስነሳው መሣሪያ፣ በአውሮፓ ለአዲስ መኪኖች ግዴታ የሆነው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። በካናዳ 2007 ነበር፤ አሜሪካ ግን ግዴታ አላደረገችውም። ልዩነቱን ማየት ከፈለጋችሁ የኪያንና የሃዩንዳይን ታሪክ ተመልከቱ። ለአሜሪካ ገበያ ከ2011 እስከ 2021 ከተሠሩት ብዙዎቹ ኢሞቢላይዘር አልነበራቸውም፤ ወጣቶች የመሪውን ሥር ሽፋን ገንጥለው በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ እያዞሩ ሲነዷቸው ከረሙ። በካናዳ ለተሸጡት ግን መሣሪያው ስለተገጠመላቸው ያ ጣጣ አልደረሰባቸውም።

ጥያቄ፦ የእኔ ቺፕ ይኑራት አይኑራት በምን አውቃለሁ?

ቁልፉን ስታዞር ክሩስኮቱ ላይ የቁልፍ ወይም የጋን ቁልፍ ምልክት ያለበት መብራት በርቶ ከጠፋ፣ አላት ማለት ነው። እርግጠኛ ለመሆን ተራ ቁልፍ አስቀርፅ። በሩን ከፍቶ ሞተሩን ካላስነሳ ቺፑ ሥራውን እየሠራ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመኪናዬ ቁልፍ ሞተሩ እየሠራ ይወጣል። ያስቃል እንጂ ችግር አለው?

እኔን አያስቀኝም ልጄ። ቁልፉ ሲወጣ ካልያዘው የውስጡ ጥርሶች አልቀዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቁልፍ በጠፍጣፋ ጠመንጃ መፍቻ ወይም በሌላ መኪና ቁልፍም ሊዞር ይችላል። አንድ ሌላ ፈተና ጨምር፦ ሞተሩን አጥፍተህ ቁልፉን አውጣና መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙረው። «ቀጭ» ብሎ መቆለፍ አለበት። ካልቆለፈ ፋብሪካው የሰጠህ መከላከያ ሞቷል። ምንም ዓይነት ዕቃ ከመግዛትህ በፊት የቁልፉን ሲሊንደርና የመሪ መቆለፊያውን አስቀይር። ሞተሩ እየሠራ ቁልፉ ወድቆ ሲሊንደሩ ወደ ኋላ ቢዞርና መሪው ቢቆለፍ የሚመጣውን አደጋ ደግሞ አስበው።

ጥያቄ፦ ስውር ማብሪያ ማጥፊያ ማስገጠም እፈልጋለሁ። የቱ ላይ ይሻላል፣ ሞተሪኖ ወይስ የነዳጅ ፖምፓ?

ከሁሉም በላይ የተጠየቅኩት ይህ ነው፤ በጣም የምወደውም ይህንኑ ነው። ስውር ማብሪያ ማለት ካልተከፈተ መኪናዋ እንዳትሠራ አንዱን መስመር የሚቆርጥ፣ ቦታውን አንተ ብቻ የምታውቀው ማብሪያ ነው። ወጪው ትንሽ ነው፤ በደንብ ከተሠራ ከብዙ ውድ ዕቃ ይበልጣል።

የሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) መስመር ከተቆረጠ ቁልፍ ሲዞር ምንም ድምፅ አይኖርም። ማርሿ በእጅ ከሆነ ግን በግፊ ትነሳለች፤ ቁልቁለት ላይ ካቆምካት አጋዥ እንኳ አያስፈልገውም። ስለዚህ የሞተሪኖው ለአውቶማቲክ ይሻላል።

ፖምፓው በኤሌክትሪክ ከሆነና ከተቆረጠ፣ መስመሩ ውስጥ በቀረው ግፊት ሞተሩ ይነሳና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይሞታል። ሌባው መኪናዋ የተበላሸች መስሎት ሊተዋት ይችላል። ጉዳቱ፣ መንገድ መሐል ሊያቆማት መቻሉ ነው።

አሁን ወደ ሽቦው እንምጣ፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሞተሪኖውን ወይም ፖምፓውን የምታበራው ሪሌይ ናት፤ በትንሽ ጉልበት ተቀስቅሳ ከባዱን ጉልበት የምታሳልፍ ማብሪያ ማለት ነው። የተለመደችውን ባለ አራት እግር ሪሌይ ገልብጠህ ብታይ 30፣ 87፣ 85 እና 86 የሚሉ ቁጥሮች አሉባት። 30 እና 87 ላይ ከባዱ ጉልበት ያልፋል። 85 እና 86 ሪሌይዋን የሚቀሰቅሰው የሽቦ ጥቅል ጫፎች ናቸው፤ እዚያ የሚያልፈው ከአንድ አምፔር በእጅጉ ያነሰ ነው። ብዙ ሰው ከባዱን መስመር ቆርጦ በቀጭን ሽቦ ክሩስኮት ድረስ ይስበዋል፤ ሽቦው ይግላል፣ ማብሪያው ይቀልጣል፣ ከዚያ በላይም ሊመጣ ይችላል። በ85 ወይም በ86 በኩል ቁረጥ፤ ትንሽ ማብሪያና ቀጭን ሽቦ ይበቃል። መጋጠሚያውን በጥርስ ከተላጠ ሽቦና ከፕላስተር አድኑት፤ በካውያ ይበየድ፣ በሚሸበሸብ ፕላስቲክ ይሸፈን። ቀለሙም ከፋብሪካው ሽቦ ጋር ይመሳሰል። ጥቁር እሽግ ውስጥ አንድ ደማቅ ቀይ ሽቦ ካየሁ እኔ ራሴ በደቂቃ አገኘዋለሁ።

ደግሞ አደራ፦ እየሄደች ያለች መኪና በድንገት የሚያጠፋ ነገር፣ ለምሳሌ ከሩቅ በስልክ የሚዘጋ፣ አታስገጥሙ። ሞተር ሲጠፋ የመሪው አጋዥ ይሞታል፣ ፍሬኑም ከጥቂት ርግጫ በኋላ ድንጋይ ይሆናል። ተሽከርካሪው ስር የሚገባው ሌባው ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ የእኔ ካርቡራተር ናት፣ ፖምፓውም በሞተሩ የሚሠራ ነው። ምን ልቁረጥ?

ለእርስዎ የተሻለ ዘዴ አለ። ስፒንትሮጀኖው (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ባለ ፑንቲና፣ ማለትም እየተከፈተ በሚዘጋ የብረት መገናኛ የሚሠራ፣ ከሆነ ምንም አይቁረጡ፤ ከቦቢናው (የባትሪውን ጉልበት ለእሳቱ የሚያሳድገው) ነጌቲቭ አንድ ሽቦ ስበው በስውር ማብሪያ በኩል ከቦዲው ጋር ያገናኙት። ማብሪያው ሲገናኝ እሳት አይፈጠርም፤ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። የዚህ ውበት ሽቦው አንድ ቀን ቢበጠስ መኪናዋ መሥራቷን አለማቆሟ ነው። ማብሪያው ተገናኝቶ ሳለ ቁልፉን ከፍቶ መተው ግን ቦቢናውን ያሞቀዋል። እሳቱ ኤሌክትሮኒክ ከሆነ ይህን እንዳይሞክሩት።

ለረጅም ጊዜ የምትቆም ከሆነ የድሮውን ዘዴ ይጠቀሙ፦ የስፒንትሮጀኖውን ክዳን ከፍተው ውስጥ የሚሽከረከረውን ትንሽ ክፍል ኪስዎ ይክተቱት። በየቀኑ ግን ይሰለቻል።

ጥያቄ፦ ናፍጣስ?

የድሮ ናፍጣ እሳት አይፈልግም። ፖምፓው ላይ ነዳጁን የሚከፍት አንድ የኤሌክትሪክ ቫልቭ አለ፤ የእሱን ሽቦ መቁረጥ ያስቆማታል። ችግሩ፣ የሚያውቅ ሌባ ኮፈኑን ከከፈተ ከባትሪ በአንድ ሽቦ ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ ለናፍጣ የኮፈን መቆለፊያ ከማብሪያው እኩል ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ማብሪያውን የት ልደብቀው?

ለእኔም አትንገረኝ። ተቀምጠህ ሳታይ እጅህ የሚደርስበት ይሁን፤ ካስቸገረህ በሳምንቱ ትተወዋለህ። ከመሪው በታች በግራ በኩል አይሁን፣ መጀመሪያ የሚዳሰሰው እዚያ ነው። እኔ የምመርጠው ከፋብሪካው የመጣና ሥራ ያቆመ ማብሪያ ነው፤ ለምሳሌ የኋላ መስታወት ማሞቂያውን። ማንም አይጠረጥረውም።

ጥያቄ፦ መሪ ላይ የሚታሰረው ብረት ጥቅም አለው? በመጋዝ ይቆረጣል ይላሉ።

ብረቱ አይደለም የሚቆረጠው፣ መሪው ራሱ ነው፤ ውስጡ ለስላሳ ነውና። ቢሆንም ግዙት፣ ዋናው ጥቅሙ ከውጭ መታየቱ ነው። አጠገቧ ብረት ያልታሰረባት መኪና ከቆመች ሌባው ወደዚያች ነው የሚሄደው (የጎረቤትዎን ነገር እግዜር ይወቀው)። የፍሪሲዮን ፔዳሉን ከመሪው ጋር የሚያስር ዓይነት ካገኙ ደግሞ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል።

ጥያቄ፦ አላርምስ?

ብዙ አልወደውም። ድመት ስታልፍ የሚጮኽ አላርም ሰፈሩን መስማት ያስለምዳል፣ በሦስተኛው ሌሊት ማንም ከአልጋው አይነሳም። ካስገጠምክ የንዝረት መለኪያውን ቀንሰው፤ የራሱ ባትሪ ያለው ጩኸት ምረጥ።

ጥያቄ፦ ጂፒኤስ ልግጠም ወይስ ቁልፍ ላይ የሚንጠለጠለው ትንሹ መለያ ይበቃል?

ሁለቱም የሚሠሩት መኪናዋ ከሄደች በኋላ ነው፤ ማብሪያውን አይተኩም። ትንሹ መለያ፣ በአቅራቢያው ባሉ ሰዎች ስልክ በኩል ያለበትን ቦታ የሚናገረው፣ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የማያውቀው መለያ አብሮት እየተጓዘ መሆኑን የሌባው ስልክ ራሱ ሊነግረው ይችላል፤ እንዳይሰለል ሰው ለመጠበቅ ታስቦ የተደረገ ነው። ጂፒኤስ ከገዛችሁ ሦስት ነገር ተመልከቱ። የራሱ ባትሪ ይኑረው፣ አለበለዚያ የመኪናው ባትሪ ሲነቀል አብሮ ይሞታል። የቆየውን 2ጂ ብቻ የሚጠቀም አይሁን፤ በብዙ አገር ያ መረብ እየተዘጋ ነው። ከብረት ሥር አይቀበር፣ ሰማዩን የሚያይበት ፕላስቲክ ሥር ይሁን። መኪናችሁ ለሳምንታት የምትቆም ከሆነ መሣሪያው ባትሪዋን ቀስ በቀስ እንደሚጠጣም አትርሱ።

ጥያቄ፦ ቁልፌን በፎይል ልጠቅልለው? ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ።

እሱ ኪስ ውስጥ እንዳለ በር ለሚከፍት ዘመናዊ ቁልፍ ነው። ያንቺ ብረት ነው እህቴ፣ ምንም አይልክም። ፎይሉን ለምግብ አስቀምጪው።

ጥያቄ፦ መኪናዋ ሳትሆን ዕቃዋ ነው የሚጠፋብኝ፤ ስፖኪዮ፣ ባትሪ፣ ስኮርታ።

ከሥር የሚንጠለጠል ስኮርታ በሰንሰለትና በጋን ቁልፍ ይታሰር፤ ባትሪው በኮፈን መቆለፊያ ይጠበቅ። ለጎማ፣ በእያንዳንዱ ጎማ አንድ ልዩ ቡሎን ይበቃል፤ መፍቻዋን ግን የምታስታውሱት ቦታ አስቀምጡ። ስፖኪዮና መስታወት ላይ የሻሲ ቁጥሩን ማስቀረፅ የሚሸጥለትን ሰው ያስፈራል። የጭስ ማውጫው ላይ ያለው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጡ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስላለ ነው የሚፈለገው። ከመሬት ከፍ ያለች መኪና ሥር በቀላሉ ይገባሉ፤ የብረት ሽፋን ማስበየድ ወይም ከግድግዳ አስጠግቶ ማቆም ይረዳል።

ጥያቄ፦ ጋራዥ ሳስገባት ቁልፉን ያስቀርፁብኛል ብዬ እሰጋለሁ።

ስጋትህ ልክ ነው፤ ቺፕ የሌለው ቁልፍ በደቂቃዎች ይቀረፃል። የመኪናውን ቁልፍ ብቻ ነጥለህ ስጥ፣ የቤቱን አታንጠልጥል። የስውር ማብሪያውን ነገር ለሚሠራው ኤሌክትሪሺያን ብቻ ንገር። ቁልፉ ላይ ወይም አብሮት በመጣው ትንሽ የቁጥር መለያ ላይ የተቀረጸ ቁጥር ካለ ፎቶውን የትም አትለጥፍ፣ በዚያ ቁጥር ብቻ ቁልፍ ሊሠራ ይችላል። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ደግሞ ስንት ቁልፍ በማን እጅ እንደቀረ አያውቅም፤ ሲሊንደሩን ያስቀይር።

ጥያቄ፦ ከተሰረቀች መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ለፖሊስ። የሻሲ ቁጥሯ፣ የሞተር ቁጥሯና የምትለይባቸው ጭረቶች ፎቶ ስልክህ ውስጥ ይኑሩ። ሊብሬው መኪናዋ ውስጥ ከሆነ ለሌባው ማስረጃውንም አብረህ ሰጥተኸዋል። ጂፒኤሱ ቦታውን ቢያሳይህም ብቻህን አትሂድ።

ጥያቄ፦ ስሸጣት ስለ ማብሪያው ለገዢው ልንገር?

ንገር እንጂ፣ ሽቦው የት እንደሚያልፍም ሥለህ ስጠው። ካልነገርከው አንድ ቀን በስህተት ይነካውና መኪናዋ አልነሳ ትላለች፤ ፖምፓ ይቀይራል፣ ሪሌይ ይቀይራል፣ ሁሉን ጨርሶ በመጨረሻ እኔ ጋ ይጎትታታል።