አካል ጉዳተኛ የቤተሰብ አባል ላላቸው፦ ጥያቄና መልስ

አካል ጉዳተኛ የቤተሰብ አባል ወይም ባልደረባ ያላቸው አንባቢዎች ለላኳቸው ጥያቄዎች መልስ እሰጣለሁ። ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ሲሆን ሥራዬ በአብዛኛው በየቤቱ እየተዘዋወርኩ ቤተሰብን ማሠልጠን ነው። መድኃኒትን በሚመለከት ግን የመጨረሻው ቃል የሐኪማችሁ ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የአራት ዓመት ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለባት። ገንፎም ሆነ ፍትፍት ሳበላት ትን ይላታል፤ አንዱ ምግብ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

መልስ፦ በመጀመሪያ የምጠይቅዎ እንዴት አድርገው ይዘዋት እንደሚያበሏት ነው። ብዙ እናቶች ልጁን ጭናቸው ላይ አስተኝተው፣ አንገቱን ወደ ኋላ አዘንብለው ያበላሉ፤ ምግቡ በራሱ ስለሚወርድ ሥራው የሚፈጥን ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ አንገት ወደ ኋላ ሲዘነበል ምግብ ወደ አየር ቧንቧ የመግባት ዕድሉ ይጨምራል፤ በእነዚህ ልጆች ላይ ለሚመላለሰው የሳንባ ምች አንዱ መነሻም ይኸው ነው። ስለዚህ ዳሌዋና ጉልበቷ ታጥፎ፣ እግሯ በርጩማ ረግጦ፣ አገጯ በጥቂቱ ወደ ደረቷ ዝቅ ብሎ ቀጥ ብላ ትቀመጥ። እርስዎም ከፊቷ ዝቅ ብለው ይቀመጡ፤ ቆመው ካጎረሷት እርስዎን ለማየት ስትል አንገቷን መልሳ ወደ ላይ ታቀናለች። በትንሽ ማንኪያ ጥቂት ይስጧት፤ የመጀመሪያውን ሳትውጥ ሁለተኛውን አይጨምሩ። ውኃና ቀጭን ሾርባ ከወፈረ አጥሚት ይልቅ በቀላሉ ትን ያስብላሉ። ከበላች በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትተኛ ትቆይ። እንግዳ በፍቅር የሚዘረጋላትን ጉርሻ፣ ዘመድ ቢቀየምም፣ ይከልክሉ። ስትመገብ ከንፈሯ የሚጠቁር፣ ሳል ከትኩሳት ጋር የሚመላለስባት ወይም ክብደቷ የሚቀንስ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይውሰዷት።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ አባቴ በመኪና አደጋ ምክንያት ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም፣ ስሜትም የላቸውም። ያገለገለ ዊልቸር ልልክላቸው አስቤያለሁ።

መልስ፦ ሳይለኩ አይላኩ። ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠራው ታጣፊ ወንበር የፊት ጎማዎቹ ትናንሽ በመሆናቸው በኮብልስቶንና በጭቃ መንገድ ይሰነቀራል፤ መቀመጫው ከዳሌያቸው ከሰፋ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ያጋድላሉ። ከወንበሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የሚቀመጡበት ትራስ ነው። ስሜት የሌለው ገላ ሕመሙን ስለማይናገር፣ ባዶ ጨርቅ ላይ ሲቀመጡ መቀመጫቸው ይቆስላል፤ ይህ ቁስል ቶሎ ካልታከመ እስከ አጥንት ዘልቆ ሊገድል ይችላል። ግፊት የሚቀንስ ትራስ ያስፈልጋቸዋል። በየግማሽ ሰዓቱ በክንዳቸው ተደግፈው ከመቀመጫው ከፍ ይበሉ፤ ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎን ያስቀይሯቸው። ቆዳቸው በየቀኑ ይታይ፤ የቀላው ቦታ ከእረፍት በኋላ ካልጠፋ፣ እስኪጠፋ ድረስ በዚያ ቦታ ላይ መቀመጥ የለባቸውም። ለቤተሰቡም አንድ ነገር ይንገሯቸው፦ ብርድ ነው ብለው የከሰል ምድጃ እግራቸው ሥር እንዳያስጠጉ፤ ሲቃጠሉ አይሰማቸውም።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ የሚጥል በሽታ ያለበት ወንድሜ ሲወድቅ ጎረቤት ክብሪት ጭሮ ያሸትተዋል። ይረዳል?

መልስ፦ አይረዳም፤ ፊቱን ሊያቃጥል ይችላል። አጠገቡ እሳትና ስለታም ነገር ካለ ያርቁ፣ ከራሱ ሥር ነጠላም ቢሆን ያድርጉ፣ ወደ ጎኑ አዘንብለው ያስተኙት። አፉ ውስጥ ማንኪያ አይክተቱ፤ እጅና እግሩንም አይጨብጡ። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከተደገመበት ወደ ሕክምና ይውሰዱት። ጸበል መሄዱን አልቃወምም፤ ነገር ግን በዚህ ሰበብ ፌኖባርቢታልን (የሚጥል በሽታ መድኃኒት) በድንገት ማቋረጥ እጅግ አደገኛ ስለሆነ ኪኒኑን ይዞ ይሂድ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ዓይነ ሥውር ባልደረባዬን ሳሻግረው እጁን ልያዝ ወይስ በትሩን?

መልስ፦ ሁለቱንም አይያዙ። ስምዎን ነግረው እርዳታ እንደሚፈልግ ይጠይቁት፤ ከፈለገ ክንድዎን ይዞ ግማሽ እርምጃ ከኋላዎ ይከተላል። በምሳ ሰዓትም «እዚህ ጋ» ከማለት «አይቡ በቀኝህ፣ ጎመኑ ከፊትህ ነው» ማለት ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ መስማት የተሳናት እኅቴ የቅጥር ፈተና አልፋ ሳለ «ከእርስዎ ጋር መግባባት አንችልም» ተብላ ተመለሰች።

መልስ፦ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አድልዎን ይከለክላል፤ አሠሪውም የሥራውን ሁኔታ እንዲያመቻች ግዴታ ይጥልበታል። ለእኅትዎ ከሁሉ የሚጠቅመው ደግሞ የማስረዳት ሸክም ጉዳይ ነው፤ አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብላ ስትከስ፣ አለመፈጸሙን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። በመሆኑም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጧት ትጠይቅ፣ ውጤቷ የተለጠፈበትን ማስታወቂያም ፎቶ አንሥታ ታስቀምጥ። ጉዳዩን ስትከታተል እርስዎ አያስተርጉሙላት፤ እቤት የምትግባቡበት ምልክት ለሕግ ጉዳይ አይበቃም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ስለሚያስተምር የሠለጠነ አስተርጓሚ ማግኘት ይቻላል፤ መስማት የተሳናቸው ማኅበርም ሊያገናኛት ይችላል።