«ቀዶ ሕክምናዬ ለሁለተኛ ጊዜ ተራዘመ፤ ምን ላድርግ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 27 ነው፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። በልጅነቴ ከጉሮሮ ሕመም የመጣ የልብ ሕመም አለብኝ። ሚትራል የሚባለው ቫልቭ ጠቧል ተብያለሁ። አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ሊደረግልኝ ቀን ተቆርጦ፣ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሳበቃ «ተራዝሟል» ተባልኩ። ይህ ሁለተኛው ነው። እናቴ «ለበጎ ነው፣ ጸበል እንሂድ» ትላለች። እኔ ግን ተስፋ ቆርጬ ወርሃዊ መርፌዬን እንኳ ካቆምኩ ሦስት ወር ሆነኝ። እንቅልፍም አጥቻለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለልብ ቀዶ ሕክምና ሰው ሻንጣ ብቻ አያዘጋጅም። ሆዱን ያጸናል፣ ቤተሰቡን ይሰናበታል፣ ይጸልያል። ያን ሁሉ አልፈሽ ተመለሺ ስትባዪ ብታዝኚ አይፈረድብሽም።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ያስደነገጠኝ ግን የመርፌው ነገር ነው። ወርሃዊ መርፌሽ፣ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ የጠበበውን ቫልቭ አይከፍትም። ሥራው ሌላ ነው፤ ያ የጉሮሮ ባክቴሪያ ተመልሶ መጥቶ የተጎዳውን ቫልቭ እንደገና እንዳያቆስለው ይጠብቃል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ይቀጥላል። ስለዚህ ከቀጠሮው ጋር አታያይዢው፤ በዚህ ሳምንት ሂጂ። አደራ ግን፣ ሰፈር ክሊኒክ ገብተሽ ዝም ብለሽ አትወጊ። ቫልቫቸው በጣም የጠበበ ሰዎች መርፌው ላይ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ፤ ለእነሱ ሐኪም በየቀኑ በሚዋጥ ኪኒን ሊቀይረው ይችላል። ካርድሽና የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ውጤትሽ ያለበት ሆስፒታል ሂጂና ማቋረጥሽንም ሳትደብቂ ተናገሪ። ቢቆጡሽም ቻይው።

ቀጥሎ ስልክ ደውለሽ «ለምን ተራዘመ?» ብለሽ ጠይቂ። ይህን መጠየቅ መብትሽ ነው። የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ሞልቶ፣ ደም ጠፍቶ ወይም በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ልብ ስትቆም በእሷ ፈንታ ደም የሚያዘዋውረው ማሽን ዕቃ አልቆ ከሆነ ከአንቺ የሚጠበቀው ጥቂት ነው፤ ደም የሚለግሱ ዘመዶችን ካሁኑ መጠየቅ ለምሳሌ። ምክንያቱ ከሰውነትሽ ከሆነ ግን፣ ማለትም ደም ማነስ፣ ሳልና ትኩሳት ወይም የተበላሸ ጥርስ፣ እዚያው ሐዋሳ ሆነሽ ልትታከሚው ትችያለሽ። ጥርስን ብዙ ሰው ይንቀዋል። የአፍ ባክቴሪያ በደም ተጉዞ የታመመ ቫልቭ ላይ ይሰፍራል። ጥርስሽን አሁን ታዪ፤ ለጥርስ ሐኪሙም የልብ ሕመምተኛ መሆንሽን ከመነካትሽ በፊት ንገሪው።

እንቅልፍ ማጣትሽ ከሐሳብ ነው ወይስ ከትንፋሽ? ይህን ለይተሽ ንገሪኝ ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ትራስ ካልደራረብሽ መተኛት ካቃተሽ፣ ሌሊት አፍኖሽ የምትነሺ ከሆነ፣ እግርሽ ካበጠ ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ክብደትሽ ሁለት ኪሎ ከጨመረ ልብሽ ደክሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ለሐኪምሽ ተናገሪ። ወረፋ የሚቀየረው እንዲህ ያለውን ሲያውቁ ነው፤ ዝም ካልሽ ግን ደህና ነሽ ብለው ያስባሉ። ደም የቀላቀለ አክታ፣ ድንገት የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ወገን ዝለት ከመጣ ደግሞ ሐኪሜ አዲስ አበባ ነው ብለሽ 270 ኪሎ ሜትር አትጓዢ። በደቂቃዎች ውስጥ ሐዋሳ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቢ።

ከሐሳብ ብቻ ከሆነ፣ አመሻሽ ላይ ሳትቸኩዪ ፍቅር ሐይቅ ዳር ከወዳጅ ጋር ተራመጂ። ደልዳላ መንገድ ስለሆነ ይመችሻል፤ የታቦርን ተራራ መውጣት ግን ለጊዜው ይቅር። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሾርባ ካዘዝሽ ጨው እንዳይበዛበት ንገሪያቸው። ሐሳቡ ከጠናብሽ ይህንንም ለሐኪም ማማከር ነውር የለውም።

አልጠየቅሽኝም እንጂ ስለ እርግዝናም ላንሳ። በጠበበ ቫልቭ ማርገዝ ለሕይወት ያሰጋል፤ ሊታዘዝልሽ የሚችለው ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ደግሞ ፅንስን ይጎዳል። ትዳር ካለሽ ወይም ካሰብሽ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለልብሽ የሚስማማ የወሊድ መቆጣጠሪያ ከሐኪምሽ ጋር ምረጪ።

እናትሽን አትከልክያቸው። ጸበሉ ቦታ ኪኒንሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ሰዓቱንም አታሳልፊ። ለሆስፒታል ስትሄጂም ይዘሻቸው ሂጂ፤ ሐኪሙ ስለ መርፌው የሚለውን እሳቸውም ይስሙት።