ስክሪኑ ይጠፋል፣ ፋኑ ግን መዞሩን አይተውም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ላፕቶፔን ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ካሳደግኩት ወዲህ አልጠፋ ብሎኛል። ሻት ዳውን ስለው ስክሪኑ ይጨልማል፣ ፋኑ ግን ይዞራል፣ የፓወር መብራቷም እንደበራች ነች። አንዳንዴ ጭራሽ ራሱ ተመልሶ ይነሳል። የፓወር ቁልፉን ይዤ በግድ ነው የማጠፋው። ሰፈራችን ያለው ጠጋኝ «ፎርማት ካልተደረገ አይስተካከልም» አለኝ። የሱቃችን ሂሳብ ሁሉ እሱ ላይ ስለሆነ ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?
ሰ. ነኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ፎርማቱን ለጊዜው እርሺው። እኛ አገር ኮምፒውተር ካስነጠሰው መድኃኒቱ ፎርማት ነው፤ ለጠጋኙ ይቀለዋል፣ ፋይሉ ግን ያንቺ ነው። ብቻ ዛሬውኑ ሂሳቡን ፍላሽ ላይ ገልብጪ፤ በግድ ማጥፋት ሲደጋገም ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። «አፕዴት እየተደረገ ነው» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ካለማ ቁልፉን ጨርሶ እንዳትነኪው።

አሁን ወደ ነገሩ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 2012 ወዲህ፣ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። ሻት ዳውን ስትዪው የከፈትሻቸው ፕሮግራሞች ይዘጋሉ፣ የሲስተሙ ዋና ክፍል ግን አይዘጋም፤ እንዳለ ዲስክ ላይ ይቀመጥና ስትከፍቺው ከዚያው ይቀጥላል። ቶሎ የሚነሳውም ለዚህ ነው። ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ እንደ አዲስ የሚጀምረው ሪስታርት ስትዪው ነው፤ ብዙ ሰው የሚያስበው ተገላቢጦሹን ነው። ሲስተም ሲያድግ ደግሞ አንዳንድ ድራይቨር (የላፕቶፑን ዕቃዎች ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ከአዲሱ ጋር አይስማማም፣ «ተኛ» ሲባል እምቢ ይላል፣ ማሽኑም እንዲሁ ሳይጠፋም ሳይበራም መሃል ላይ ይቀራል።

ጥፋቱ የፋስት ስታርትአፕ መሆኑን ለማወቅ ሺፍትን ይዘሽ ሻት ዳውን የሚለውን ተጫኚ። ያን ጊዜ ፋስት ስታርትአፕ ይታለፍና ሙሉ ለሙሉ እንዲዘጋ ይታዘዛል። ፋኑም መብራቷም ጸጥ ካሉ ሌባው ተያዘ ማለት ነው።

ከዚያ ኮንትሮል ፓነል ግቢ፣ ሃርድዌር ኤንድ ሳውንድ፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ በግራ በኩል ደግሞ «ቹዝ ዋት ዘ ፓወር በተንስ ዱ» የሚለውን ክፈቺ። ከታች ፋስት ስታርትአፕ የሚል ታያለሽ፣ ግን ደብዝዟል፣ ብትጫኚውም አይሰማም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ተስፋ ቆርጦ የሚዘጋው! ከላይ ትንሽ ጋሻ ያለባት ጽሑፍ አለች፤ መጀመሪያ እሷን ተጫኚ፣ ደብዛዛው ይደምቃል። ምልክቱን አንሺና ሴቭ በዪ። ከዚህ በኋላ ላፕቶፑ ሲነሳ ትንሽ ይዘገያል፤ ዲስኩ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ከሆነ ልብ አትዪውም።

በሺፍትም ካልጠፋ፣ መጀመሪያ ዩኤስቢ ላይ የተሰካውን ሁሉ ንቀይና ሞክሪ። ቀጥሎ የምጠረጥረው ኢንቴል ማኔጅመንት ኢንጂን ኢንተርፌስ የሚባለውን ድራይቨር ነው፤ ፕሮሰሰርሽ ኢንቴል ከሆነ ዲቫይስ ማኔጀር (የላፕቶፑ ዕቃዎች ዝርዝር) ውስጥ ሲስተም ዲቫይስስ ስር ታገኚዋለሽ። ይሄ የቆየ በሽታ ነው። በእ.ኤ.አ. 2015 ዊንዶውስ 10 ሲመጣም ልክ እንዳንቺው ስክሪኑ ጠፍቶ ፋኑ የሚዞር ላፕቶፕ ሞልቶ ነበር፣ ብዙዎቹም የዳኑት የላፕቶፑ አምራች ያዘጋጀውን የቀድሞውን የድራይቨር ቨርዥን መልሰው በመጫን ነው። ከላፕቶፑ ጀርባ ያለውን የሞዴል ቁጥር ይዘሽ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርጂ። «ድራይቨርዎን በነጻ እናድሳለን» የሚሉትን ፕሮግራሞች ባታስገቢ ይሻላል፣ ሌላ ጣጣ ነው የሚያመጡት።

ራሱ የሚነሳውስ? «አፕዴት ኤንድ ሻት ዳውን» የሚለውን ስትመርጪ ከሆነ ጥፋቱ ያንቺም የላፕቶፑም አይደለም። ዊንዶውስ 11 ላይ ይሄ ምርጫ አጥፋ ሲሉት ሪስታርት የሚያደርግበት ችግር ነበረበት፤ ማይክሮሶፍት ያስተካከለው በእ.ኤ.አ. 2025 መጨረሻ ላይ በወጡት አፕዴቶች ነው፣ ስለዚህ አፕዴቱን ጨርሺው። በተራው ሻት ዳውንም የሚነሳ ከሆነ ግን ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የኔትወርክ ካርዱን ፕሮፐርቲስ ክፈቺና ፓወር ማኔጅመንት የሚለው ጋ ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ የሚፈቅደውን ምልክት አንሺ።

አንዳንዱ «ባዮሱን (ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳውን ፕሮግራም) አፕዴት አድርጊ» ይልሻል። ሊረዳ ይችላል፤ ግን መብራት በሚቆራረጥበት ቀን፣ ያውም ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ፣ እኔ አልሞክረውም።

ወደ 10 መመለስ ካማረሽ፣ ካሳደግሽው ገና 10 ቀን ካልሞላው ሴቲንግስ ውስጥ ሪከቨሪ ስር «ጎ ባክ» የሚል አለ። እኔ ግን አልመክርሽም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

ይሄ ሁሉ ተሞክሮ አልጠፋ ካለ ያን ጊዜ ለጠጋኙ ስጪው፣ «ኪፕ ማይ ፋይልስ በሚለው ሪሴት አድርግልኝ» በዪው። ከመስጠትሽ በፊት ግን ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተሽ የሂሳቡ ፋይል መከፈቱን በዓይንሽ እዪ።