ዲስኩ ሞልቷል፣ ፋይሉ ግን የለም

ጥያቄህን ባጭሩ ላስቀምጠው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀህ ለጀማሪ የሲስተም አስተዳዳሪነት ተወዳደርክ። በቃለ መጠይቁ ላይ «በክላስተራችን (እንደ አንድ ሆነው በሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ) ውስጥ የአንዱ ሰርቨር ዲስክ 100 በመቶ ሞልቷል፤ ፋይሎቹ ሲደመሩ ግን ግማሹን እንኳ አይሞሉም፤ ምን ታደርጋለህ?» ተባልክ። «ያረጁ ፋይሎችን አጠፋለሁ» ብለህ መለስክ፤ ከዚያ በኋላ የጠራህ የለም። አሁን የምትጠይቀኝ የሊኑክስ ሰርተፍኬት ልውሰድ ወይ ብለህ ነው።

ሰርተፍኬቱ ይቆይ። ማመልከቻህ ለቃለ መጠይቅ እንዲመረጥ ይረዳ ይሆናል፤ አንተ ግን ያንን ደረጃ አልፈህ ነው የወደቅከው። ፈታኙ የነገረህ ሁለት ቁጥሮች እንዳልተስማሙ ነው። አንተ ያልተስማሙበትን ምክንያት ሳትጠይቅ ወደ መሰረዝ ገባህ። ሰርቨር በአደራ የሚሰጥ ቀጣሪ ደግሞ ሳያጣራ የሚሰርዝ ሰው ያስፈራዋል፤ አልፈርድበትም።

ቁጥሮቹን እንመልከት። ዲኤፍ (df) የሚባለው ትዕዛዝ ስንት ብሎክ (ዲስኩ የተከፋፈለበት ትንሽ ክፍል) እንደተያዘ የሚጠይቀው ፋይል ሲስተሙን፣ ማለትም ፋይሎችን በዲስኩ ላይ የሚያደራጀውን ሥርዓት፣ ራሱን ነው። ዲዩ (du) የሚባለው ግን በየዳይሬክተሪው (በየፎልደሩ) እየዞረ በስም የሚያገኛቸውን ፋይሎች ይደምራል። እንግዲህ ስም ሳይኖረው ቦታ የያዘ ነገር ካለ ሁለቱ ይለያያሉ። እንዲህ ያለ ፋይል የሚፈጠረው በቀላሉ ነው፦ አንድ ፕሮግራም የሎግ ፋይል (የሚሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ከፍቶ እየጻፈ ሳለ ሌላ ሰው ፋይሉን ይሰርዘዋል። ሊኑክስ ስሙን ወዲያው ያነሳል፤ ብሎኮቹን ግን ፕሮግራሙ ፋይሉን እስኪዘጋ ድረስ አይለቅም። ፕሮግራሙም ምንም እንዳልሆነ መጻፉን ይቀጥላል። አየህ፣ «አጠፋለሁ» ያልከው መድኃኒት በሽታውን ያመጣው ድርጊት ራሱ ሊሆን ይችላል!

የተሰረዙ ግን ያልተዘጉ ፋይሎችን ከያዛቸው ፕሮግራም ጋር የሚያሳይህ ኤልኤስኦኤፍ (lsof) የሚባለው ትዕዛዝ ነው። ባለቤቱ ከታወቀ በኋላ ፕሮግራሙ ሎጉን እንደገና እንዲከፍት ማድረግ፣ ካልሆነም ኃላፊውን አስፈቅዶ አገልግሎቱን ዘግቶ መክፈት ነው። እዚያ ምንም ካላገኘህ ሌሎች ተጠርጣሪዎች አሉ፦ ሌላ ዲስክ በላዩ ስለተያያዘበት የተሸፈነ ዳይሬክተሪ፣ ወይም ዲዩን ያለ በቂ ፈቃድ በማሄድህ ሳይቆጠር የቀረ ፋይል።

ስለ መሰረዝ አንድ ነገር ልጨምር። የፖስትግሬስ ዳታቤዝ የለውጥ መዝገቡን የሚያስቀምጥበት ዳይሬክተሪ ቀድሞ ፔጂ ኤክስሎግ (pg_xlog) ይባል ነበር። ሰዎች ተራ ሎግ እየመሰላቸው ስለሚያጠፉት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 10ኛው እትም ስሙ ተቀየረ። እዚያ ያለውን ማጥፋት ዳታቤዙን ራሱን ማበላሸት ነው።

ፈታኙ «ክላስተር» ማለቱንም ችላ ብለሃል። 5 ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው 80 በመቶ ተይዘዋል እንበል። አንዱ ቢወድቅና ክላስተሩ የጠፉትን ቅጂዎች በቀሩት 4 ላይ ልተካ ቢል፣ የ5ቱ ጭነት ለ4 ይካፈላልና እያንዳንዱ 100 በመቶ ይሞላል። እንደ ኤችዲኤፍኤስ (HDFS) ያለው፣ ፋይሎችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ አከፋፍሎ የሚያስቀምጥ ሥርዓት ካልቀየርከው በቀር እያንዳንዱን ብሎክ በ3 ቅጂ ያስቀምጣል፤ 1 ቴራባይት ዳታ 3 ቴራባይት ይበላል ማለት ነው። «አንዱ ብቻ ነው የሞላው ወይስ ሁሉም?» ብለህ ብትጠይቅ ኖሮ ፈታኙ ወንበሩን ወደ አንተ ያስጠጋ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ተግባር። በራስህ ኮምፒውተር ላይ ምናባዊ ማሽን (በሶፍትዌር የሚፈጠር ኮምፒውተር) ክፈት፤ 1 ጊጋባይት ዲስክ ኤክስት4 (ext4) በሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም አዘጋጅ። ሳያቋርጥ የሚጽፍ ትንሽ ፕሮግራም አስነሳ፤ ፋይሉን ሰርዝና ዲኤፍና ዲዩ የሚሉትን አስተያይ። ከዚያ ዲስኩን አጽድተህ በባዶ ፋይሎች ሙላው። በተለመደው አሠራር 65 ሺሕ ገደማ ላይ ስትደርስ አይኖዱ (ለእያንዳንዱ ፋይል የሚመደበው መዝገብ) ስለሚያልቅ፣ ባዶ ቦታ እያለ «ቦታ የለም» የሚል መልእክት ይመጣል። ይህንንም ብዙ ተወዳዳሪ አያውቀውም።

ያየኸውን በአንድ ገጽ ጻፈው፦ ምልክቱ፣ የጠረጠርከው፣ ያረጋገጥክበት ትዕዛዝ፣ የወሰድከው እርምጃ። በሲቪህ ላይም «ሊኑክስ፦ በጣም ጥሩ» የሚለውን መስመር አውጥተህ የዚህን ሥራ ስም ተካበት። የመጀመሪያው ምንም አይነግረኝም፤ ሁለተኛው ግን ጥያቄ እንድጠይቅህ ያደርገኛል፣ የምትፈልገውም ይህንኑ ነው።

ለዚያው ድርጅት እንደገና ማመልከት ነውር እንደሆነ ጠይቀሃል። አይደለም። ቦታው ዳግም ሲወጣ አመልክት፤ በማመልከቻው ደብዳቤ ውስጥ ያንን ጥያቄ ጠቅሰህ አሁን እንዴት እንደምትፈታው በ3 ወይም በ4 ዓረፍተ ነገር አስረዳ፤ የጻፍከውንም ገጽ አያይዝ።