ዳፍኒያዎቹ የቀሉት ታመው ነው?

አልታመሙም። ለዓሣዎ ምግብ በባልዲ የሚያረቧቸው ዳፍኒያዎች (በውኃ ውስጥ የሚኖሩ ደቃቅ እንስሳት) የቀሉት በውኃው ውስጥ ኦክስጅን ስላነሰ ነው። ሲጎድልባቸው ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነ ቀይ ንጥረ ነገር) በብዛት ይሠራሉ፤ መጠኑ ከአሥር እጥፍ በላይ ሊጨምር ይችላል። የእኛ ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ነው የሚኖረው። የእነርሱ ግን በሰውነታቸው ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ ይዘዋወራል፤ ሰውነታቸውም ብርሃን ስለሚያሳልፍ ቅላቱ ከውጭ ይታያል። አዲስ የሚሠሩት ሄሞግሎቢን ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ ኦክስጅንን አጥብቆ የሚይዝ ነው።

ይህ ለውጥ ቀናት ይፈልጋል። ኦክስጅኑ በአንድ ሌሊት ካለቀ አይደርስላቸውም፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ሁለት ነገር ያድርጉ፦

1. የሚሰጧቸውን እርሾ ይቀንሱ። ኦክስጅኑን የሚጨርሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳይበላ ቀርቶ የሚበሰብሰው እርሾ ነው።
2. ከጠባቡ ባልዲ ወደ ሰፊ ሳፋ ያዛውሯቸው፤ ውኃው ከአየር ጋር የሚገናኝበት ገጽ ይሰፋል።

ቅላቱ ቀስ በቀስ ይለቃል። ቢቆይም አያስጨንቅዎ፤ ቀዩን ዳፍኒያ ዓሣ ያለችግር ይበላዋል።

አንድ ጥንቃቄ፦ የአየር መንፊያ ካስገቡ ደቃቅ አረፋ የሚያወጣ አይሁን። ደቃቁ አረፋ ከቅርፊታቸው ሥር ይገባና ወደ ላይ ያንሳፍፋቸዋል። መውረድ አቅቷቸው ውኃው ላይ እንደተንጋለሉ ሲያልቁ ደጋግሜ አይቻለሁ። ትልልቅ አረፋ በዝግታ የሚለቅ ቱቦ ይበቃል።